«ዘ» የተባለችው ቃልና የዓባይ ምንጭ፦ የእንግሊዝኛ ወሳኝ ቃላት ከሊማሊሞ ሲታዩ

በሙያ ሥራ ላይ የተሠማራ ኢትዮጵያዊ በየዕለቱ ከሚያነበው ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የሥራ ውሉ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የንድፉ ማብራሪያ፣ የምርመራው ዘገባ፣ አገሮች የተፈራረሙት ስምምነት ጭምር በዚህ ቋንቋ ይቀርብለታል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሲመረምር ቁጥሩን ደጋግሞ ያሰላል፤ ስሙን ከስሙ ያስተያያል፤ ግሱንም ይመዝናል። ከስም ፊት የሚቆሙትን ትንንሽ ቃላት ግን ብዙ ጊዜ ሳያያቸው ያልፋል። እነዚህ ቃላት በንግግር ጊዜ ለጆሮ እንኳ በቅጡ አይሰሙም። ይሁን እንጂ የአንድ ወንዝ ባለቤትነት፣ የአንድ ውል ግዴታ፣ የአንድ መጽሐፍ ክብር በእነርሱ ላይ ቆሞ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ይህን ለማስረዳት ከጎንደር በስተሰሜን በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ሊማሊሞ ገደል ከሚወርደው ጥንታዊ መንገድ የተሻለ መነሻ አይገኝም። የጎንደርን ከተማ ከምጽዋ ወደብ ጋር ያገናኝ የነበረው የነጋዴ መንገድ በዚህ ያልፍ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ጠመዝማዛ የመኪና መንገድም ይህንኑ ገደል ተከትሎ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ስለ ዓባይ ምንጭ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ስመ ጥር የሆነው መጽሐፍ ደራሲ ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ካልታከለባቸው በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቃላቱ ጠባይ

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ወሳኝ ቃላት የሚባሉት ከስም በፊት ገብተው ስሙ የትኛውን ነገር፣ ስንቱን፣ የማንን እንደሚያመለክት የሚወስኑት ናቸው። «ዘ» እና «ኧ»፣ እንዲሁም ከአናባቢ ድምፅ በፊት የምትመጣው «አን» ከእነዚህ ወገን ናቸው። «ይህ»፣ «ያ»፣ «እነዚህ» የሚሉትን የሚተኩት አመልካቾች፣ «የእኔ»፣ «የእርሱ» የሚሉትን የሚተኩት የባለቤትነት ቃላት፣ እንዲሁም «ኤኒ»፣ «ሰም»፣ «ኦል»፣ «ኢች»፣ «ኤቭሪ» የመሳሰሉት የመጠን ቃላት በዚሁ ክፍል ይመደባሉ።

ሁለቱ ዋነኛ ቃላት ጥንተ ልደታቸው ግልጽ ነው። «ዘ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ያ» ከሚል አመልካች ተገኘች። «ኧ» እና «አን» ደግሞ «አንድ» ከሚለው ቁጥር ደክመው የቀሩ ናቸው። የእንግሊዝ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት በደንብ ለመመርመር የተነሡት ዘግይተው ነው፤ አብነት አድርገው ይመለከቱት የነበረው የላቲን ሰዋስው እንዲህ ያለ ቃል አልነበረውምና። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ዘ» አንድን የተለየ ነገር እንደምታመለክት አድርጎ ተረጐማት። ጳጳሱ ሮበርት ላውዝ በ1762 በታተመው የሰዋስው መጽሐፉ ዘጠኙን የንግግር ክፍሎች ሲዘረዝር እነዚህን ቃላት በመጀመሪያው ረድፍ አስቀመጣቸው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌኦናርድ ብሉምፊልድ ደግሞ በ1933 ባሳተመው «ቋንቋ» በተሰኘ መጽሐፉ «ወሳኝ» የሚለውን የወል ስያሜ ተጠቀመበት።

«ዘ» ነጠላ ስምን ስትቀድም ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ትናገራለች። አንደኛው የተጠቀሰው ነገር መኖሩን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሚነገርበት ጉዳይ ውስጥ ያ ነገር አንድ ብቻ መሆኑን፣ አድማጩም የትኛው እንደሆነ ሊያውቀው እንደሚችል ነው። «ኧ» ግን ከብዙዎች አንዱን፣ ገና ያልታወቀውን ያመለክታል። ስለዚህ «ዘ» ያለበትን አረፍተ ነገር የተቀበለ አንባቢ፣ ማንም ማስረጃ ሳያቀርብለት የነገሩን መኖርና ብቸኛነት አብሮ ተቀብሏል ማለት ነው።

በስሜን ግርጌ የሚገናኙ ልማዶች

አማርኛ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ከስሙ ፊት ሳይሆን ከስሙ ጫፍ ላይ ነው። «ወንዝ ተሻገረ» እና «ወንዙን ተሻገረ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት የደባርቅ ገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። የመጀመሪያው የትኛውም ወንዝ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተናጋሪውና ሰሚው የሚያውቁት ወንዝ ነው። ግዕዝ ራሱን የቻለ እንዲህ ያለ ቃል የለውም። ነገሩ የታወቀ መሆኑን ለማሳየት ከግሱ ጋር ተውላጠ ስምን ያጣምርና ስሙን በ«ለ» ያስከትላል፤ «ሐነጸ ቤተ» ከማለት ይልቅ «ሐነጾ ለቤት» ይላል። ወይም በስሙ ላይ የሦስተኛውን መደብ የባለቤትነት ምዕላድ ይጨምራል። አማርኛም የወረሰው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

ከዚህ ውርስ አንድ አሻሚነት ተከትሏል። «ቤቱ» የሚለው ቃል «የእርሱ ቤት» ማለትም ነው፤ «ያ የታወቀው ቤት» ማለትም ነው። ከቅጽል ጋር ሲሆን ልዩነቱ ይገለጣል፤ «ትልቁ ቤት» የታወቀውን ቤት ሲያመለክት «ትልቅ ቤቱ» ባለቤቱን ይናገራል። ብቻውን የቆመ ስም ሲሆን ግን ከንግግሩ ዙሪያ በቀር የሚለየው ነገር የለም።

ከሊማሊሞ ወርዶ በአዲ አርቃይና በጠለምት በኩል ወደ ተከዜ ያመራ መንገደኛ ደግሞ ትግርኛ ወደሚነገርበት አገር ይደርሳል። ትግርኛም እንደ አማርኛ የግዕዝ ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ እንደ እንግሊዝኛው ከስሙ በፊት ራሱን የቻለ ቃል ያስቀድማል፤ ለወንድ «እቲ»፣ ለሴት «እታ» ይላል። በመሆኑም በእግር በጥቂት ቀናት በሚደረስበት ርቀት ውስጥ አንዱን አሳብ አንዱ ሕዝብ በስሙ መጨረሻ፣ ሌላው ሕዝብ በስሙ መጀመሪያ ያኖረዋል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የእንግሊዝኛውን «ዘ» የሚዘነጋው አሳቡ ስለሌለው ሳይሆን የሚፈልገው በሌላ ስፍራ ስለሆነ ነው። እንደዚሁም «ይህ መጽሐፌ» ማለት በአማርኛ የተፈቀደ በመሆኑ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛም ሁለት ወሳኞችን በአንድ ስም ላይ ይደርባል። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይፈቅድም።

አማርኛን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ካስተዋወቁት ቀደምት የሰዋስው መጻሕፍት አንዱም ከዚህ አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ካርል ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ ሰዋስዉን በ1842 በለንደን አሳተመ። ይህ ሰው ከ1835 ጀምሮ በዐድዋ ተቀምጦ ነበር። ዐድዋ በዚያ ጊዜ የምትገዛው የስሜን መስፍን በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው፤ ኢዘንበርግንና ባልደረቦቹን በ1838 ከአገር ያስወጧቸውም እኒሁ መስፍን ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ተመትተው፣ ካሣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እንግሊዝኛ በቦታ ስሞችም ላይ የራሱ ሥርዓት አለው። የወንዝና የተራራ ሰንሰለት ስሞች «ዘ»ን ይቀበላሉ፤ የሐይቅ፣ የነጠላ ተራራና የከተማ ስሞች ግን አይቀበሉም። ስለሆነም የስሜን ተራሮች በጅምላ ሲጠሩ «ዘ» ይቀድማቸዋል፤ ራስ ደጀን ለብቻው ሲጠራ አይቀድመውም። ተከዜ «ዘ» አለው፤ ጣና፣ ዳባትና ደባርቅ የላቸውም። ይህ ልማድ ከውበት በስተቀር ሌላ ጥቅም የሌለው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወንዝ ሁልጊዜ «ዘ» ይዞ መጠራቱ፣ ብዙ ገባሮች ያሉት የውሃ ሥርዓት እንደ አንድ ነገር እንዲታሰብ ያግዛል። የዓባይ ምንጭ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ከአዱሊስ ድንጋይ እስከ ብሩስ መጽሐፍ

በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ የቆመ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ለትውልድ አቆየ። ጽሑፉ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ዜና ሲሆን፣ ከተዘረዘሩት ሕዝቦች መካከል ከዓባይ ማዶ፣ በረዶ በሚሸፍናቸውና ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩ የስሜን ሰዎች ይገኙበታል። ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚሄድ ሰው የሚሻገረው ተከዜን ነው። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በግሪክኛ የዓባይ ስም የተሰጠው ወንዝ ተከዜ መሆኑን ተቀብለዋል። ይህም ማለት ስለ ስሜን በተጻፈ እጅግ ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ ታላቁ ወንዝ የተባለው ከዛሬው ጥቁር ዓባይ ሌላ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ ወርዶ፣ በዐድዋና በአክሱም በኩል ተከዜን ተሻግሮ፣ በፌብሩዋሪ 1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከስኬቱም በኋላ በሱዳን በኩል ሲመለስ በ1772 ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት አካባቢ አለፈ። መጽሐፉ በአምስት ቅጽ በ1790 በኤዲንብራ ታተመ። የመጽሐፉም አርእስት የዓባይን ምንጭ ለማግኘት የተደረጉ ጉዞዎች የሚል ሲሆን፣ «ምንጭ» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» ቆማለች።

በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ክርክሮች ተሸሽገዋል። የመጀመሪያው ክርክር ዓባይ አንድ ምንጭ ብቻ አለው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ አንድ ምንጭ ግሽ ላይ ያለው ነው የሚል ነው። «ኧ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ከዓባይ ምንጮች አንዱ ተብሎ ይተረጐም ነበር፤ እውነትም ይሆን ነበር። ብሩስ ግን ነጭ ዓባይን በዓይኑ ካየ በኋላ እንኳ ጥቁር ዓባይን እውነተኛው ወንዝ አድርጎ ጻፈ።

«ማግኘት» በሚለው ቃልም ላይ ጥያቄ ነበረ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ መነኩሴ በ1618 ግሽ ዓባይን ጎብኝቶ ነበር። ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት ለማስተባበል ብዙ ደክሟል። ሌላው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦም ምንጩን ያየ ሲሆን፣ የእርሱን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ያሳተመው ከላይ የተጠቀሰው የመዝገበ ቃላቱ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን በኋላ የብሩስን ትረካ ከተጠራጠሩት እንግሊዛውያን አንዱ ሆነ። ምንጩን ከነጭራሹ ማንም ሳያሳያቸው ያውቁት የነበሩት ግን የግሽና የሰከላ ሰዎች ናቸው።

ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለት ምንጮች

ከብሩስ ሞት በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው እንግሊዛዊው ጆን ሃኒንግ ስፒክ በጁላይ 1862 ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወደሚወጣበት ፏፏቴ ደረሰ። በ1863 ያሳተመው መጽሐፍ የዓባይ ምንጭ የተገኘበት የጉዞ ማስታወሻ ይባላል። እዚህም «ምንጭ» በነጠላ ተነግሮ «ዘ» ተቀድሞለታል። እንግዲህ በ73 ዓመት ልዩነት ሁለት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንዲቱን ቃል ይዘው፣ አንዱ ወደ ግሽ፣ ሌላው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ አመለከቱ። ብቸኛ የተባለ ነገር ሁለት ሆኖ ሲገኝ ስሕተቱ ያለው ከተራራውና ከውሃው ላይ ሳይሆን ከወሳኙ ቃል ላይ ነው።

ነገሩን ወደ ትክክለኛው መንገድ የመለሰው ሳሙኤል ቤከር ነው ለማለት ይቻላል። ቤከር በጁን 1861 በደረቀው የአትባራ ወንዝ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ጠፍ የነበረው ወንዝ በአንዲት ሌሊት ሞልቶ አየ። ዝናቡ የዘነበው እርሱ ባለበት በረሃ ሳይሆን በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከዚህም በኋላ ተከዜ በታችኛው ክፍሉ ሰቲት የሚባልበትን አገር፣ አንገረብን፣ ራሃድንና ዲንደርን ተከትሎ መረመረ። የግብፅን እርሻ የሚያለማው ጎርፍና ደለል የሚወርደው ከእነዚህ ወንዞችና ከጥቁር ዓባይ መሆኑን፣ የምድር ወገቡ ሐይቆች ደግሞ ወንዙ በበጋ እንዳይነጥፍ የሚያደርጉ መሆናቸውን አስረዳ። በ1867 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ በሐበሻ ስላሉት የዓባይ ገባሮች የሚናገር ነው። «ዘ» አሁንም አለች፤ ነገር ግን ስሙ ወደ ብዙ ቁጥር ተለውጧል። ወንዙ የብዙ ውሃዎች ድምር መሆኑን አርእስቱ ራሱ ይናገራል።

የኋላ ልኬት ቤከርን ደግፏል። አስዋን ከሚደርሰው ዓመታዊ ውሃ ውስጥ ጥቁር ዓባይ 59 በመቶ ያህሉን፣ ባሮ የሚገብርለት ሶባት 14 በመቶ ያህሉን፣ ተከዜን የሚቀበለው አትባራ 13 በመቶ ያህሉን ያበረክታሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው በድምሩ 86 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ቀሪው 14 በመቶ ከምድር ወገቡ ሐይቆች ይመጣል። ከስሜን ተራሮች በምሥራቅና በሰሜን ወደ ተከዜ የሚንጠባጠበው ውሃም የዚህ ድምር አካል ነው።

«ኤኒ» በውል ውስጥ

የመጽሐፍ አርእስት ክብርን ብቻ ይነካል። ውል ግን ሥራን ያግዳል፤ ስለዚህ በውል ውስጥ የሚገቡት ወሳኞች ይበልጥ ሊመረመሩ ይገባል። «ኤኒ» በአሉታ አረፍተ ነገር ውስጥ ስትገባ «ማናቸውም» ማለት ነው፤ አንድም ሳይቀር ትጠቀልላለች። ነገር ግን የምትጠቀልለው ከስሙ በኋላ የሚመጣው ገላጭ ሐረግ ባጠረው ክልል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ሐረጉን ሳይጨርስ «ማናቸውም ሥራ» በሚለው ላይ የቆመ አንባቢ ሙሉ ክልከላ ያነባል፤ እስከ መጨረሻው የዘለቀ አንባቢ ግን ውሱን ክልከላ ያገኛል።

እንግሊዝና ጣሊያን ኤፕሪል 15 ቀን 1891 በሮም በተፈራረሙት ስምምነት፣ ጣሊያን ወደ ዓባይ የሚገባውን ፍሰት በጉልህ ሊለውጥ የሚችል ማናቸውንም የመስኖ ሥራ በአትባራ ላይ ላለመሥራት ግዴታ ገባች። የአትባራ ዋና ገባር ተከዜ ሆኖ ሳለ ኢትዮጵያ በዚህ ውል ውስጥ ተዋዋይ አልነበረችም። ሜይ 15 ቀን 1902 ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል ሦስተኛ አንቀጽ ደግሞ በእንግሊዝኛው ቅጂ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውሃው ወደ ዓባይ እንዳይፈስ የሚያስቆም ማናቸውም ሥራ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ፣ እንዳይሠራ ይላል። በዚህ አንድ አንቀጽ ውስጥ ለሁለቱ ወንዞች «ዘ» ተሰጥቷቸው ለጣና አለመሰጠቱ፣ ከላይ የተነገረውን የቦታ ስሞች ሥርዓት ያስታውሳል።

በሁለቱም ውሎች «ኤኒ» አለች። አጥሯ ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የታጠረው ፍሰትን በጉልህ በሚለውጥ ሥራ ነው፤ ይህም ሰፊ ክልል ነው። በሁለተኛው የታጠረው ፍሰትን በሚያስቆም ሥራ ብቻ ነው፤ ይህ ጠባብ ነው። የአማርኛው ቅጂ ደግሞ ወንዝን ከዳር እዳር የሚደፍን ሥራን ይናገራል። በአማርኛው «ሥራ» ያለ ምንም ወሳኝ ቃል ቆሟል፤ ገላጩም ሐረግ በአማርኛ ሥርዓት ከስሙ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ አንባቢው «ሥራ» ከሚለው ቃል ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ ገደቡን ያነባል። ስለዚህ የአማርኛው አንባቢ ሊስት በማይችልበት ስፍራ የእንግሊዝኛው አንባቢ ሊስት ይችላል።

ተከዜ በ1902ቱ ዝርዝር ውስጥ አልተጠቀሰም። በዚህ ወንዝ ላይ ከፍታው 188 ሜትር፣ የማመንጨት ኃይሉ 300 ሜጋ ዋት የሆነው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። በጥቁር ዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኃይል ማመንጫ ግድብ ውሃውን በተርባይን አሳልፎ ወደ ወንዙ የሚመልስ በመሆኑ፣ ፍሰትን በጊዜ ያከፋፍላል እንጂ አይደፍንም። «መለወጥ» እና «ማስቆም» በሚሉት ሁለት አጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ለመሐንዲስ ባዶ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

የጠቅላላ ቃል ሌላው ምሳሌ ግብፅና ሱዳን ኖቬምበር 8 ቀን 1959 የተፈራረሙት ስምምነት ነው። የእንግሊዝኛ አርእስቱ ስለ ዓባይ ውሃዎች ሙሉ አጠቃቀም ይናገራል፤ «ውሃዎች» ከሚለው የብዙ ቁጥር ስም በፊትም «ዘ» አለች። «ዘ» ከብዙ ቁጥር ስም ጋር ስትመጣ የተባለውን ነገር በሙሉ ትጠቀልላለች። በስምምነቱ ዓመታዊው አማካይ ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተወስዶ፣ 55.5 ቢሊዮኑ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑ ለሱዳን፣ ቀሪው 10 ቢሊዮን ለትነትና ለብክነት ተመደበ። ድምሩ ምንም ትርፍ አይተውም። ውሃው ለሚመነጭበት አገር አንድ ሊትር እንኳ አለመተዉ ከሒሳቡ በፊት በአርእስቱ ተነግሯል።

የጎደለች «ዘ»

የቃሏ መኖር ብቻ ሳይሆን መጉደሏም ዓለምን ያከራከረበት ጊዜ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኖቬምበር 22 ቀን 1967 ያወጣው 242ኛው ውሳኔ፣ የእስራኤል ጦር በዚያ ዓመት በተደረገው ጦርነት ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛው «ግዛቶች» ከሚለው ስም በፊት «ዘ» የለችም። በፈረንሳይኛው ግን እሙር የሆነውን፣ ማለትም የታወቀውን ነገር የሚያመለክት ቃል አለ። በአንድ በኩል የቆሙት ወገኖች «ዘ» ስለሌለች ከሁሉም ግዛት መውጣት ግዴታ አይደለም አሉ። የሌላው ወገን ተከራካሪዎች የፈረንሳይኛውን ቅጂና በጦር ኃይል ግዛት መያዝ አይፈቀድም የሚለውን የውሳኔውን መግቢያ አስረጅ አድርገው፣ ከሁሉም መውጣት ነው አሉ። አማርኛም ቢሆን «ከተያዙ ግዛቶች» እና «ከተያዙት ግዛቶች» በሚሉት መካከል ይህንኑ ልዩነት በአንዲት «ት» ይለያል።

ለሙያው ሰው የሚተርፈው

የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን የግንባታ ውል ቅጽ ካወጣበት ከ1957 ጀምሮ፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የሥራ ውሎች «መሐንዲስ» የሚለውን ስም ከ«ዘ» ጋር ያዘወትራሉ። ይህ መሐንዲስ ማንም መሐንዲስ አይደለም፤ በውሉ የተሰየመ፣ የታወቀና አንድ የሆነ ባለሥልጣን ነው። ውሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሥራ ተቋራጩ ለመሐንዲሱ ያስታውቃል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከላይ የተነገረው አሻሚነት ሥራውን ይጀምራል። «መሐንዲሱ» በውሉ የተሰየመው መሐንዲስ ነውን? ወይስ ሥራ ተቋራጩ ራሱ የቀጠረው የእርሱ መሐንዲስ? ማስታወቂያው ለተሳሳተው ሰው ቢደርስ የተወሰነው ቀን ያልፋል፤ የካሣ መብትም ከቀኑ ጋር ሊያልፍ ይችላል። «በውሉ የተሰየመው መሐንዲስ» ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል ያስጨምራል፤ ክርክሩን ግን ያስቀራል።

የመጠን ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። «ኢች» እያንዳንዱን ለየብቻው ስትነካ፣ «ኦል» ሁሉንም በአንድነት ልታመለክት ትችላለች። እያንዳንዱ ምሰሶ አሥር ቶን ይሸከማል ማለትና ምሰሶዎቹ ሁሉ አሥር ቶን ይሸከማሉ ማለት በስሌት ሲታይ አንድ አይደለም። በሁለተኛው አነጋገር አሥር ቶኑ የአንዱ ይሁን የድምሩ አልተለየም። አማርኛ «እያንዳንዱ» እና «ሁሉም» የሚሉ ሁለት ቃላት ስላሉት ልዩነቱን ለማቆየት አቅም አያንሰውም፤ የሚያንሰው የተርጓሚው ጥንቃቄ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወጣትም ሙያውን የሚቀስመው በዚሁ ቋንቋ ነው። ይህ ወጣት ስለ «ዘ» እና ስለ «ኤኒ» የሚማረው ባዶ ቦታ ሙላ በሚል መልመጃ ብቻ ከሆነ፣ ቃላቱ ለፈተና የሚጠኑ ጥቃቅን ነገሮች መስለው ይቀሩበታል። በአካባቢው ያለፈውን ታሪክ፣ ከሊማሊሞ ዳገትና ከተከዜ ውሃ ጋር አያይዞ የሚያስተምረው ቢያገኝ ግን፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ውስጥ ያለውን እውቀት ተጠቅሞ ቁም ነገሩን ለመያዝ አይዘገይም።

ለነባሩ ባለሙያም የሚቀርበው ምክር አጭር ነው። ውልም ሆነ ስምምነት በሚያነብበት ጊዜ «ዘ» ባየ ቁጥር ነገሩ በእርግጥ አለን፣ አንድ ብቻስ ነውን ብሎ ይጠይቅ። «ኤኒ» ባየ ጊዜ አጥሩ የት ላይ እንደተተከለ እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይፈልግ። ወሳኝ ቃል ሊኖር በሚገባው ስፍራ ሳያገኝ ሲቀር፣ የጎደለው በስሕተት ይሁን በዓላማ ከመፈረሙ በፊት ያረጋግጥ። ወደ አማርኛ ሲመልስም «ቤቱ» የማን ቤት እንደሆነ አንባቢው እንዳይጠራጠር አድርጎ ይጻፍ።